እጄ የታየበት አንድ ፋይል

ጡረታ ወጣሁ ለማለት አፌን ይይዘኛል። ጡረታ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የገባበት መዝገብ አለው። እኔ ካይሮ ውስጥ በአንድ ቢሮ አሥራ ሰባት ዓመት ፕሮግራም ስጽፍ ስሜ በአንዲት ወረቀት ላይ እንኳ ሰፍሮ አያውቅም። ቢሮው ሲሸጥ የስልሳ አንድ ዓመት ሰው ነበርኩ። መነጽሬን ኪሴ ከትቼ፣ ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው ገፋ አድርጌ ወጣሁ፤ ጡረታዬ ይኸው ነው።

ከመውጣቴ በፊት ግን አንድ ነገር ለመንኩ፤ የሥራ ልምድ ወረቀት። ለሥራ ፍለጋ አልነበረም፣ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል። ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ አገር ቤት የቀሩትም እህቶቼ አልፈዋል። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቦታ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ስሠራ እንደኖርኩ የሚመሰክር ነገር ፈለግኩ። አዲሶቹ ባለቤቶች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሠራተኛውን እንዲያነጋግር የላኩት ካሪም የሚባል ወጣት መሐንዲስ በትሕትና ተቀበለኝና፣ “ኡስታዝ፣ ከፕሮግራሙ ውስጥ እርስዎ የጻፉትን ያሳዩኝ፤ ዛሬውኑ እፈርምልዎታለሁ” አለኝ። ቀላል ጥያቄ መሰለው። እኔም ቀላል መስሎኝ “እሺ” አልኩ።

ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የማሽን ክፍል ውስጥ ነው። ፕሮግራም በካርድ ላይ በሚበሳበት ዘመን ማለት ነው። ያኔ እያንዳንዱ ሰው የራሱ አጻጻፍ ነበረው። እኔ የእኩልነት ምልክቶቹን አንዱን በአንዱ ሥር ማሰለፍ እወድ ነበር። ክፍል ከክፍል ስለይ ሁለት ባዶ መስመር እተዋለሁ። ለነገሮቹ ስም ሳወጣም እንደ ሌሎቹ በእንግሊዝኛ ሳይሆን፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል እጽፍ ነበር። አለቃችን ወረቀቱን ከሩቅ አይቶ “ይኼ የዘውዱ ነው” ሲል ልቤ ሞቅ ይላል። በኋላ ዘመን ተለወጠና በሱዳን አድርጌ ካይሮ ገባሁ። ለምን እንደወጣሁ አላወራም፤ እሱን የሚያወራ ስደተኛ ሞልቷል።

ካይሮ የመጀመሪያ እንጀራዬ ጊዛ ውስጥ በአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የተማሪዎችን ጥናት መተየብ ነበር። ዐረብኛውን ሳላውቀው ፊደሉን እለቅም ነበር፤ ትርጉሙ የመጣው ቆይቶ ነው። አንድ ቀን ኡስታዝ ረፍዓት የሚባል ሰው ደብዳቤ ሊያስተይብ ገባ። ማተሚያው ተበላሽቶ አገኘውና እኔ ፈታትቼ ሳስነሳው ቆሞ አየኝ። ከዚያ ምን እንደነበርኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

“የሥራ ፈቃድ አለህ?” አለ።

“የስደተኛ ካርድ ብቻ ነው ያለኝ።”

አገጩን አሻሸ። “ማሌሽ፣ ግድ የለም። ያዕኒ፣ ና ሥራ። ግን ስምህ በር ላይ አይለጠፍም፣ ደመወዝ መዝገብ ላይ አይገባም፣ ኮምፒውተሩም ላይ አይጻፍም። ተቆጣጣሪ ከመጣ እንግዳ ነህ።”

እንግዳ ሆኜ ገባሁ። ቢሮው ሞሃንዲሲን ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ከሥሩ የታክሲና የማይክሮባስ ጡሩንባ ቀኑን ሙሉ አያርፍም። የምንሠራው ለሆስፒታሎች የሚሸጥ ፕሮግራም ነበር፦ የታካሚ ካርድ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የአልጋ ድልድል። ጸሐፊዎቹ ስድስት ነበርን። ከእኔ በስተቀር አምስቱም በዋናው ኮምፒውተር ላይ የየራሳቸው መግቢያ ስም ነበራቸው። ማን ምን እንደለወጠ የሚይዝ መዝገብ ነበረን፤ አንድ ሰው አንዲት መስመር ቢለውጥ አሮጌውም አዲሱም፣ ከለዋጩ ስም ጋር ይቀመጣል። የእኔ ሥራ የሚገባው በአለቃችን በባሽሙሃንዲሳ ናግዋ ስም ነበር። ባሽሙሃንዲሳ ማለት ግብፆች ሴት መሐንዲስን በአክብሮት ሲጠሩ የሚሉት ነው።

በልቤ ሁልጊዜ አንቱ ነው የምላት፤ ስለ እሷ ስጽፍ ግን እሷ ማለት ይቀለኛል፣ ቀረብ ትልልኛለች። ያኔ ወደ ሃምሳ ትጠጋ ነበር። ያላገባች፣ አጭር፣ ድምፀ ወፍራም ሴት። ጠዋት ስትገባ ጫማዋን ጠረጴዛ ሥር ታወልቅና የአኒስ ሻይዋን ይዛ በካልሲ ትንጎራደዳለች። ኮድን በስክሪን ላይ አታምንም። አሳትማ፣ ወረቀቱ ላይ ማስመሪያ አስቀምጣ፣ መስመር በመስመር ወደ ታች እየገፋች፣ ቆማ ጮክ ብላ ታነበዋለች። ስታነብ ከተደናቀፈች ጸሐፊው ተሳስቷል ማለት ነው። “ተሳስተሃል” ግን አትልም፤ ማስመሪያውን እዚያው ትታ ሻይዋን ልትሞላ ትሄዳለች። ስትመለስ ራስህ አይተኸው መሆን አለበት።

የመጀመሪያ ሥራዬን ያነበበች ቀን ሦስት ጊዜ ሻይ ሞላች።

በመጨረሻ ከመሳቢያዋ አሥራ ሁለት ገጽ ወረቀት አወጣችና ሰጠችኝ። የቢሮው የአጻጻፍ ደንብ ነው። ገባ የሚለው መስመር በአራት ባዶ ቦታ ይገባል፣ ከዚያ አይበዛም አያንስም። ቅንፍ የሚከፈተው መስመሩ ባለቀበት ነው። ስም ሁሉ በእንግሊዝኛ፣ በትንንሽ ፊደል። ማብራሪያ በቀላል ዐረብኛ። አንድ ሥራ ከአንድ ስክሪን አይበልጥም። የእኔ ሰልፈኛ የእኩልነት ምልክቶችና የአማርኛ ስሞች በደንቡ ፊት ሁሉም ወንጀለኞች ነበሩ።

“የእኔ አጻጻፍ ስህተት አለበት?” አልኳት፤ ትንሽም ከፍቶኝ ነበር።

“የለበትም፤ ቆንጆ ነው። ግን ማን እንደጻፈው ታወቀኝ። ማን እንደጻፈው ከታወቀኝ ገና አላለቀም።”

“ሰው በእጁ ሥራ ቢታወቅ ምን ነውር አለው?”

“ስማ ዘውዲ፤” ስሜን እንደዚያ ነበር የምትጠራው፣ “ስድስት ነን። ነገ አንዱ ቢታመም ሌላው ቁጭ ብሎ እንደ ራሱ ጽሑፍ ማንበብ አለበት። ደግሞ ሁሉም መስመር ከተመሳሰለ፣ ያልተመሳሰለው መስመር ስህተቱ ነው። ደንቡ ለውበት መሰለህ? ስህተት መደበቂያ እንዲያጣ ነው።”

ከደንቦቹ ሁሉ አጥብቃ የምትጠብቀው ዘጠነኛውን ነበር። መልክ የሚለውጥና ሥራ የሚለውጥ በአንድ ላይ አይገባም ይላል። ባዶ ቦታ ማስተካከል ከፈለግህ እሱን ብቻ አድርገህ አስገባ፤ ስህተት ማረም ከፈለግህ እሱን ብቻ። ምክንያቱም አሮጌውንና አዲሱን የሚያነጻጽረው መሣሪያ በተለወጠ መስመር ሁሉ ጎን ኮከብ ያትማል። ሦስት መስመር ብትለውጥ ሦስት ኮከብ ታያለች፣ ሦስቱን በማስመሪያዋ ታነባለች። የሁሉንም መስመር መልክ ብትለውጥ ግን ገጹ ሁሉ ኮከብ ይሆናል፤ ከዚያ ውስጥ እውነተኛውን ለውጥ የሚያገኝ ዓይን የለም።

ተማርኩ። ፈጥኜም ተማርኩ ብል ራስን ማወደስ አይሁንብኝ። ዓመት ሳይሞላ ስድስታችን የጻፍነው አንድ ሰው የጻፈው መሰለ። ናግዋ ወረቀቴን አንብባ ሻይ ሳትሞላ ስትጨርስ “ይኼ የማን ነበር?” ትለኛለች፤ ከእሷ ይህ ትልቁ ምስጋና ነው። ደስ ይለኝ ነበር። ወደ ሀረም ወደ ተከራየኋት ክፍሌ ስመለስ ግን ሌላ ነገር ይመጣብኛል። ሌሎቹ አምስቱ መልካቸውን ከኮዱ ቢያጠፉ ስማቸው በመዝገቡ አለ፣ በደመወዝ ወረቀቱ አለ፣ በር ላይ አለ። እኔ ከኮዱ ስጠፋ የምገኝበት ሌላ ቦታ የለኝም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ የእኔ ሳልቀበር አልዋለም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለማን እናገራለሁ?

አራተኛው ዓመት ላይ ይመስለኛል፣ የረመዳኑ መጨረሻ ከእኛ ሁዳዴ መግቢያ ጋር ገጠመ። በረመዳን ቢሮው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይበተናል፤ ሁሉም ለማፍጠሪያው ወደ ቤቱ ይሮጣል። እኔ የምሮጥበት ስለሌለኝ እቆያለሁ። እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፉሌን በዳቦ በልቼ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያ ሁሉ የሞሃንዲሲን ጩኸት ቀጥ ይላል። ታክሲ የለም፣ ሰው የለም፤ በየመስኮቱ የማንኪያ ድምፅ ብቻ ይሰማል። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት ብቸኝነት የተሰማኝ ጊዜ የለም። ከተማው በሙሉ ማዕድ ላይ ተቀምጦ አንተ ብቻ በመስኮት ስታይ ምን እንደሚመስል ያላየው አያውቀውም።

በዚያ ሰሞን በእጄ የነበረው ፋይል ካርዱን ረስቶ የመጣ ታካሚን በስሙ የሚፈልገው ነበር። ስምንት መቶ መስመር ይሆናል። በውስጡ አንዲት ትንሽ ማስተካከያ እንዳደርግ ታዝዣለሁ። አደረግኩ። ከዚያ እጄ አላቆመም። መጀመሪያ የእኩልነት ምልክቶቹን አሰለፍኩ። ደስ አለኝ። በማግሥቱ ክፍሎቹን በሁለት ባዶ መስመር ለየሁ። በሦስተኛው ቀን የነገሮቹን ስም መለወጥ ጀመርኩ፤ በላቲን ፊደል “ስም” ብዬ ጻፍኩ፣ ከሥሩ “አባት” ብዬ ጻፍኩ። ለዓመታት ያልተናገርኩትን ቋንቋ ስክሪኑ ላይ ሳየው እንባዬ መጣ፤ አልዋሽም። ከዚህ ሁሉ ቤት አንዲት ክፍል የእኔ ብትሆን ምን ነበረበት አልኩ።

ሰውን የሚለዩት መስመሮች ሦስት ነበሩ። አንደኛዋ የራስን ስም፣ ሁለተኛዋ የአባትን፣ ሦስተኛዋ የአያትን ታነጻጽራለች። ሦስተኛዋ ከሁለተኛዋ በአንዲት ቁጥር ብቻ ትለያለች። እኔም በስህተት የተደገመች መሰለችኝና ሰረዝኳት። ግብፅ ውስጥ ያለ አያት ስም ሰው ከሰው እንደማይለይ አውቃለሁ፤ አንድ መንደር ውስጥ በራሱም በአባቱም ስም የሚመሳሰል ስንቱ ነው። አገራችን ግን ሰው በራሱና በአባቱ ስም ያልቃል። ያን ቀን ዓይኔ አገር ቤት ነበር፤ ሁለት ስም አይቶ ጠገበ።

ናግዋ ከዒድ በፊት ባለው የመጨረሻ ቀን ወረቀቱን አሳተመች። አዲሱ ፕሮግራም ከበዓሉ በፊት ሆስፒታሉ መድረስ ነበረበት። ኮከቡን አየችው፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በእያንዳንዱ መስመር ጎን ኮከብ። ማስመሪያዋን አነሳች፣ አስቀመጠች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ቆሜያለሁ።

“‘አባት’ ምንድነው?” አለች።

“አብ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ።”

ጾሙ ከንፈሯን አድርቆታል። ይህች ሴት ለአንዲት ባዶ ቦታ ወረቀት የምትመልስ ሴት ናት። “ዘጠነኛውን ታውቀዋለህ” አለች። አዎ አልኳት። “ከበዓል በኋላ እንደነበረች ትመልሳታለህ። እስከዚያ የአንተ ትሁን። ለዒድ።”

ፈረመች። ያን ቀን ሳታነብ ፈረመች፤ ብታነብም አታገኘውም ነበር፣ መደበቂያውን የሠራሁት እኔ ነኝ። በእነዚያ አራት ዓመታት እንደዚያ ቀን የቀረበችኝ ቀን የለም። በደስታ እስከ ሀረም በእግሬ ሄድኩ።

ከዒድ በኋላ ሳንመለስ ስልክ ተደወለ። ፋትማ ማሕሙድ የምትባል ሴት ካርዷን ሳትይዝ ሆስፒታል ገብታ ነበር። ፕሮግራሙ በሁለት ስም ፈልጎ የሌላዋን ፋትማ ማሕሙድ የስኳር ውጤት አወጣላቸው፤ የአያታቸው ስም ሌላና ሌላ ነው። በዚያ ውጤት መርፌ ወጓት። ስኳሯ ወርዶ ሁለት ቀን ራሷን ሳታውቅ ተኛች። ሕይወቷ ተረፈ፤ የቀኝ እጇ ግን እንደ ድሮው አይታዘዛትም ተባለ። የሦስት ልጆች እናት ነበረች፤ ልብስ ሰፊ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለውን ተረት በሰው ላይ ስተርት ኖሬ በራሴ ደረሰ። የእኔ ብብት ውስጥ ግን የሰው እጅ ነበር።

ኡስታዝ ረፍዓት የሆስፒታሉን ጠበቃ ይዞ ገባ። ስድስታችንም ቆመናል። “ይህን የጻፈው ማን ነው?” አለ ጠበቃው። ሆስፒታል ኮድ አያነብም፤ ስም ነው የሚፈልገው።

አፌን ከፈትኩ። ከፍቼዋለሁ፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ከዚያ የፖሊስ ጣቢያው፣ የሌለኝ የሥራ ፈቃድ፣ ከእስር ወደ አውሮፕላን የተወሰዱ የማውቃቸው ሰዎች በፊቴ መጡ። አፌን ዘጋሁ።

“መዝገቡ የሚለው የእኔን ስም ነው፤ እኔ ነኝ” አለች ናግዋ።

የዚያኑ ቀን ጫማዋን አድርጋ፣ አሥራ ሁለቱን ገጽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ደረጃው ላይ ተከትዬ ደረስኩባት። ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤ መንተባተብ ነበር። “ኸላስ፣ በቃ ዘውዲ” አለችኝ። “አንተን ቢወስዱህ ማን ሊያስፈታህ ይመጣል? እኔ ወንድም አለኝ። ግን ደውልልኝ።” ይህንን ብላ ወረደች።

ደወልኩ፤ ከወር በኋላ፣ አንድ ጊዜ። የማወራው ጠፍቶኝ ስለ ቢሮው አወራሁ። ሁለተኛ ለመደወል ድፍረት እስካገኝ አንድ ዓመት አለፈ። ቁጥሩ ተቀይሯል። ያነሳው ሰው ተቀይሯል ሲለኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እፎይ አልኩ። ሌላ ቢሮ እንዳልቀጠራትና በአንድ የግል ተቋም ለልጆች ኮምፒውተር እንደምታስተምር ከሰው ሰማሁ። አልፈለግኳትም።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዘመኔ ረጅም ነው፤ የሚነገር ግን የለበትም። ፋይሏን እንደነበረች መለስኳት። ደንቡን እንደ ዳዊት ደገምኩት። አዲስ የሚገቡትን ልጆች ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ማስመሪያ ይዤ ቆሜ አነብባለሁ፣ ሲስቱ ዝም እላለሁ። ለውጦቼ በቢሮው የጋራ ስም ይገቡ ጀመር። ከእኔ የሚበልጥ ጥንቁቅ በዚያ ቤት አልነበረም። በኋላ ቢሮው ወደ ሸይኽ ዛይድ ሲዛወር አብሬ ተዛወርኩ። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ እኔ የጻፍኩትን ከሌላው መለየት የቻለ ሰው አልነበረም።

ራሴም አልቻልኩም። ካሪም “ያሳዩኝ” ባለኝ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ፕሮግራሙን አገላበጥኩ። ይኼ የእኔ ነው እላለሁ፤ ቀጣዩን ሳየው እሱም የእኔ ይመስላል፤ የሌላውም እንደዚያው። መዝገቡን ከፈትኩ፣ መጀመሪያ ናግዋ፣ ከዚያ የቢሮው ስም። ሥራዬን እንደተማርኩት በደንብ ስለሠራሁ የትም የለሁም።

ሦስተኛው ቀን ዓርብ ነበር። ሀረም ውስጥ በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ ሙሉ የምትባል የደብረ ማርቆስ ልጅ ነበረች፤ ሸይኽ ዛይድ በአንድ ቪላ ትሠራለች፣ ዓርብ ዓርብ እረፍቷ ነው። ሽሮ ይዛልኝ መጣች። ፊቴን አይታ ጠየቀችኝ፤ ለማንም ያልነገርኩትን ሁሉንም ነገርኳት።

“ጋሼ፣ ይሄማ የእኔም ነው” አለች። “መዳም ቤት ዕቃውን በመዳም ሥርዓት ነው የምደረድረው። ሹካው ወዲህ፣ ሰሐኑ ወዲያ። ማን እንደደረደረው ትዝም አይላት፣ ያዕኒ፣ ዕቃው በራሱ የተደረደረ ነው የሚመስላት። ብርጭቆ የሰበርሁ ቀን ግን ስሜን እስከ ታች በር ትጣራዋለች።”

ሽሮው ቀዘቀዘ። እኔም የት እንዳለሁ አወቅኩ።

ቅዳሜ ካሪም ጋር ገባሁና መዝገቡን ወደ ኋላ፣ ወደዚያ ረመዳን መለስኩለት። ለዘጠኝ ቀን ብቻ የኖረችው ፋይል እዚያው ነበረች። ሰልፈኛ ምልክቶቼ፣ ሁለት ሁለት ባዶ መስመሮቼ። ካሪም ዓይኑን አጥብቦ አየ።

“ይሄ እዚህ ቢሮ የተጻፈ አይመስልም። መዝገቡ ግን ባሽሙሃንዲሳ ናግዋ ይላል።”

“የእኔ ነው” አልኩ። “‘ስም’ ማለት ኢስም ነው። ‘አባት’ ማለት አብ ነው። አማርኛ ነው።”

“የአያትስ?” አለ፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ወዲያው አየው።

“የሰረዝኩት እሱን ነው።”

ጎኑ ያለውን ማስታወሻ አነበበ፤ ስህተቱን፣ ሴትዮዋን፣ የናግዋን ስም። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ አዝኖልኛል። “ኡስታዝ፣ ይህን የእርስዎ ነው ብዬ ከጻፍኩ ያም የእርስዎ ሊሆን ነው። ስለዚህኛው ባንናገርስ? በጠቅላላው ሠርቷል ብዬ…”

“አይ። የጠየቅከኝ ያሳዩኝ ብለህ ነው። ያለኝ ይኼው ነው። ይህን ፋይል የጻፈው፣ የአያት ስሙንም ያጠፋው ዘውዱ ነው፣ ባሽሙሃንዲሳ ናግዋ አይደለችም ብለህ ጻፍና ፈርም።”

ጻፈ፤ ማኅተም አደረገበት። ከስደተኛ ካርዴ በቀር፣ ስሜ ማኅተም ካለበት ወረቀት ላይ ሲሰፍር በካይሮ የመጀመሪያው ነው።

ናግዋ ከሁለት ዓመት በፊት ማረፏን ከጋዜጣ የሐዘን ማስታወቂያ አንብቤ ነበር። ግብፆች በማስታወቂያው ላይ የዘመዱን ሁሉ ማዕረግ ይደረድራሉ፤ የዶክተር እገሌ እህት ይላል፣ የእሷን ሙያ አይልም። ወንድሟ ዶቂ ውስጥ የዓይን ሐኪም መሆኑን ያኔ አውቄ ነበር። ክሊኒኩን ጠይቄ አገኘሁት፤ እንደ ታካሚ ተራ ይዤ ገባሁ። ሽማግሌ ነው፣ ድምፁ የእሷን ይመስላል። ወረቀቱን ሰጠሁት። ይህን ለቤተሰቡ ባሳይ ስሟ ይነጻል፣ እኔም ይቀለኛል ብዬ ነበር።

አነበበና ወረቀቱን መለሰልኝ። “ዘውዲ አንተ ነህ?”

“እኔ ነኝ።”

“ይህን እኛ እናውቃለን። የዚያኑ ዕለት ነግራናለች።” ቁጣ በድምፁ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። “ቤት ስንቀይር ስልኩም ተቀየረ። አዲሱን ቁጥር ለቢሯችሁ ሕንጻ በረኛ ሰጥታው ነበር። ኢትዮጵያዊው ከጠየቀህ ስጠው፣ ካልጠየቀህ ግን አታንሳበት፣ ያፍራል ብላ። በየበዓሉ እየሄደች በረኛውን ትጠይቀው ነበር። አልሰጠህም?”

“አልጠየቅኩትም” አልኩ።

በዚያ ሕንጻ ከእሷ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ በረኛውን በየጠዋቱ ሰባሕ አልኼር እያልኩት ነበር የምገባው።